ከድል ሰልፉ በኋላ ያለውን «አይዳ» እናድምጥ

ሰሞኑን ስለ ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ስለ ጁሴፔ ቬርዲ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ነው። እኔ ጋ ብቻ ከአራት ሰው መጥቷል። ሁለቱ ከሥሩ «አንተ ኦፔራ ታዳምጣለህ፤ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ቬርዲ «አይዳ»ን የደረሰው ለሱዌዝ ቦይ ምርቃት ነው ይላሉ። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በሁለት ወር ውስጥ ቀብሮ፣ ከዚያ ሐዘን ተነሥቶ «ናቡኮ»ን እንደጻፈ፣ የዚህ ኦፔራ የምርኮኞች መዝሙርም በመጀመሪያው ምሽት ተደግሞ አብዮት እንዳቀጣጠለ ይተርካሉ። ለገንዘብ ሲል ለማንም ገዢ የሚያድር ሰው እንደነበረ፣ ለዚህም ማስረጃው ከግብፁ ገዢ የተቀበለው ክፍያ እንደሆነ ይነግሩናል። ይህ ሁሉ የሚያደርሰው ወደ መጨረሻው ክስ ነው፦ «አይዳ» ኢትዮጵያውያንን «አረመኔ» ብሎ የሰደበ፣ ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ወረራ መንገድ የጠረገ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይህን ኦፔራ ማድነቅ አድዋን መርሳት ነው።

ጽሑፉ በቁጭት የተጻፈ ነው፤ ቁጭቱንም አከብረዋለሁ። ያነሱት የመጨረሻ ጥያቄ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም፤ ኤድዋርድ ሰይድን የመሰሉ ትልልቅ ሐያሲዎችም «አይዳ»ን ከአውሮፓ የኃይል ዘመን ጋር አያይዘው መርምረውታል። ግን ክስ በጠንካራ መሠረት ላይ መቆም አለበት፤ ይህኛው የቆመበት መሠረት ደግሞ በብዙ ቦታ ይፈርሳል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከሱዌዝ ቦይ ልጀምር። ቦዩ የተመረቀው ኅዳር 17 ቀን 1869 ነው። «አይዳ» ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ነው። በመካከሉ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር አለ። የካይሮው ኦፔራ ቤት ራሱ ኅዳር 1 ቀን 1869 ሲከፈት የታየው የቬርዲ ሥራ ነበር፤ ግን «ሪጎሌቶ» ነበር፣ እሱም ከ18 ዓመት በፊት ቬኒስ ላይ የታየ። ስሕተቱ የመጣው ከዚህ መደበላለቅ ይመስለኛል። የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ለምርቃቱ በዓል አንድ የውዳሴ መዝሙር እንዲጽፍለት ቬርዲን አስጠይቆት ነበር። ቬርዲ እንዲህ ላለ በዓል የሚሆን ሥራ የመጻፍ ልማድ የለኝም ብሎ መለሰ። ለማንም ገዢ ያድራል የተባለው ሰው ያኔ የሰጠው መልስ ይህ ነው።

የ«አይዳ» ውል የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። የታሪኩን ንድፍ ያወጣው ፈረንሳዊው የግብፅ ጥንታዊ ቅርስ አጥኚ ኦጉስት ማሪየት ነው፤ ግጥሙን በጣሊያንኛ የጻፈው አንቶኒዮ ጊዝላንዞኒ። ቬርዲ ሙዚቃውን በ1870 ጨረሰ፣ ኦፔራውም በ1871 መጀመሪያ ላይ ሊታይ ታስቦ ነበር። ግን የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ተነሣ። አልባሳቱና የመድረኩ ሥዕሎች የሚሠሩት ፓሪስ ነበር፤ ፓሪስ ደግሞ ተከበበች። ማሪየትም ዕቃውም እዚያው ታግተው ቀሩ። መዘግየቱን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ ቬርዲ በዚያ ትርፍ ጊዜ የሠራው ነገር ለመጨረሻው ክስ መልስ ይሆናል።

የቤተሰቡን ሞት በተመለከተ ጸሐፊው ብዙ ጥፋት የለባቸውም፤ ያሳሳታቸው ራሱ ቬርዲ ነው። በ1879 ለአሳታሚው ለጁሊዮ ሪኮርዲ ሕይወቱን ሲተርክ ሁለቱ ልጆቹና ሚስቱ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ተከታትለው እንደሞቱ፣ እሱም በዚያ መሐል አስቂኝ ኦፔራ ይጽፍ እንደነበር ተናገረ። የሞት መዝገቡ ግን ሌላ ነው። ሴት ልጁ ቪርጂኒያ በነሐሴ 1838 ሞተች። ወንዱ ልጅ ኢቺሊዮ በጥቅምት 1839። ሚስቱ ማርጌሪታ በሰኔ 1840። ሐዘኑ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እየቆየ መጣበት።

እኔ ይህን ሳነብ ቬርዲን ውሸታም ማለት አልሆነልኝም። ሦስት ሬሳ ያወጣ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ መለስ ብሎ ሲያየው አንድ ሐዘን ሆኖ ቢታየው ምን ይገርማል? ቤታቸው ሞት የተመላለሰባቸው ሰዎች ሲያወሩ ዓመቱ ይምታታባቸዋል፤ «ያኔ ነው፣ ያኔ» ይላሉ። ግን የመዝገቡ እውነት ከተረቱ የከበደ ነው። ሁለተኛው ልጅ ከሞተ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 17 ቀን 1839፣ የቬርዲ የመጀመሪያ ኦፔራ «ኦቤርቶ» ሚላን ላስካላ ቲያትር ላይ ታየ። አባትየው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ሚስቱ ሞተች፣ አስቂኙ ኦፔራም በመስከረም ወር ለአንድ ምሽት ብቻ ታይቶ ወረደ።

ወደ «ናቡኮ» ስንመጣ፣ ኦፔራው መጋቢት 9 ቀን 1842 ላስካላ ላይ ታይቶ በአንድ ጊዜ ስሙን አስጠራው። ይህ እውነት ነው። በባቢሎን የተማረኩት ዕብራውያን የሚዘምሩት «ቫ ፔንሲዬሮ» ግን በዚያ ምሽት ተደገመ የሚለው ታሪክ በዘመኑ ጋዜጦች አይደገፍም። የሙዚቃ ታሪክ አጥኚው ሮጀር ፓርከር የዚያን ጊዜ ዘገባዎች ፈትሾ ተመልካቹ ያስደገመው በመጨረሻው ክፍል ያለውን ሌላ መዝሙር፣ ለእግዚአብሔር የሚቀርበውን ውዳሴ እንደነበረ አሳይቷል። «ቫ ፔንሲዬሮ» የአገር መዝሙር የሆነው ቀስ በቀስ፣ አብዛኛውም ጣሊያን አንድ ከሆነች በኋላ ነው። «ቪቫ ቬርዲ» የሚለው መፈክርም፣ ፊደሎቹ ሲዘረዘሩ «ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ የጣሊያን ንጉሥ» የሚል ትርጉም ያለው፣ በ1842 ገና አልነበረም፤ የሚታወቀው ወደ 1859 ገደማ ነው።

ይህን ስል ቬርዲ አገሩን አይወድም ነበር ማለቴ እንዳይመስል። በጥር 1849 ሮም በአብዮት ውስጥ እያለች የታየው «የሌኛኖ ጦርነት» በግልጽ የተጻፈ የአርበኝነት ኦፔራ ነው፣ የመጨረሻውንም ገቢር ሕዝቡ እንዳለ አስደግሞታል። ጸሐፊው ምሳሌ ከፈለጉ ይህ ይሻላቸው ነበር። «ቫ ፔንሲዬሮ» ደግሞ ያለ ተረቱም ትልቅ ነው። መዝሙረ ዳዊት 136ን የሚያውቅ የኛ ሰው ገና ሲሰማው ይገባዋል፦ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ የሚያለቅሱት፣ በገናቸውን በአኻያ ዛፍ ላይ የሰቀሉት። መዘምራኑ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዜማ፣ በአንድ ድምፅ ነው የሚሄዱት፤ ድምፁ ከፍ ሲል እንኳ የጩኸት አይደለም፣ የናፍቆት ነው። ቬርዲ ሞቶ በየካቲት 1901 አጽሙ ወደ ዘላቂ ማረፊያው ሲወሰድ የኦርኬስትራ መሪው አርቱሮ ቶስካኒኒ ይህንኑ መዝሙር በስምንት መቶ ዘማሪዎች አስዘመረው።

ስለ ገንዘብ። አዎ፣ ለ«አይዳ» 150,000 ፍራንክ ተቀብሏል፤ በዚያ ዘመን እጅግ ትልቅ ክፍያ ነው። ከግብፅ ውጭ ያለውን መብትም ለራሱ አስቀርቷል። ቬርዲ በውል ጉዳይ ጥርሱን የነከሰ ሰው ነበር፣ ለዚህም ይቅርታ ሲጠይቅ አልታየም። ሮንኮሌ በምትባል ትንሽ መንደር የማደሪያ ቤትና መሸታ ቤት ከነበረው ቤተሰብ ነው የተወለደው፤ የረዳውና ያስተማረው የቡሴቶው ነጋዴ አንቶኒዮ ባሬዚ ደግ ባይሆን ኖሮ ሚላንን አያያትም ነበር። በ1832 የሚላን ኮንሰርቫቶሪ አልቀበልህም አለው፤ ዕድሜው አልፏል፣ የሌላ ግዛት ሰው ነው፣ ፒያኖ ላይ የእጁ አያያዝ ትክክል አይደለም ተብሎ። ያንኑ ትምህርት ቤት ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። ገንዘብ የሌለው ሰው በር ላይ ምን እንደሚደርስበት ያውቅ ነበር።

ታዲያ ገንዘቡን የት አደረሰው? ጸሐፊው ይህን አልነኩትም፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ይሄ ነው። በ1888 በእርሻው አቅራቢያ ቪላኖቫ ላይ ሆስፒታል አሠራ። ቀጥሎ ሚላን ውስጥ ለደኸዩ አረጋውያን ሙዚቀኞች መጦሪያ ቤት አሠራ፤ ንድፉን ያወጣው ካሚሎ ቦይቶ ነው፣ የ«ኦቴሎ»ንና የ«ፋልስታፍ»ን ግጥም የጻፈለት የአሪጎ ቦይቶ ወንድም። ቤቱ በ1899 አልቆ ነበር። ቬርዲ ግን እኔ በሕይወት እያለሁ አይከፈት አለ፤ ሰዎቹ እየመጡ እንዲያመሰግኑት አልፈለገም። ጥር 27 ቀን 1901 ሞተ፣ ቤቱ በ1902 ተከፈተ። የኦፔራዎቹን የመብት ገቢ ለዚያ ቤት አወረሰ። ዛሬም ያረጁ ዘፋኞችና ተጫዋቾች ይኖሩበታል፤ እሱና ሁለተኛ ሚስቱ ጁሴፒና ስትሬፖኒ የተቀበሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከግብፁ ገዢ የወሰደውን ሂሳብ የሚቆጥር ሰው ይህንንም አብሮ ይቁጠርልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ክስ።

ጸሐፊው እውነት ያሉት ነገር አለ። በኦፔራው ግጥም ውስጥ «አረመኔዎቹ ኢትዮጵያውያን» የሚል ቃል በእርግጥ አለ። በመጀመሪያው ገቢር አንድ መልእክተኛ ፈርዖኑ ፊት ቀርቦ የግብፅ ቅዱስ ምድር በአረመኔዎቹ ኢትዮጵያውያን ተወረረች ይላል። ደራሲዎቹ ስለ እውነተኛዋ ኢትዮጵያ የሚያውቁት እምብዛም አልነበረም። ለብዙ አሥርት ዓመታትም ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ኢትዮጵያዊቷን የንጉሥ ልጅ አይዳን ተጫውተዋል፤ ይህ አሳፋሪ ልማድ ነው፣ የሚቃወሙት ሰዎችም ልክ ናቸው።

የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ከክሱ ጋር አይሄድም። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፅ ገዢ ነው፣ ታሪኩን ያመጣው ፈረንሳዊ ነው። በ1871 ጣሊያን በአካባቢያችን የነበራት ነገር አንድ የመርከብ ኩባንያ ከሁለት ዓመት በፊት አሰብ ላይ የገዛው መሬት ብቻ ነው። መንግሥቱ አሰብን የተረከበው በ1882፣ ምጽዋ የገባው በ1885 ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለችው «ኢትዮጵያ»ም ብትሆን የጥንት ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር የሚጠሩባት የኩሽ ምድር ናት፤ የጦሩ ምሥጢራዊ መተላለፊያ ተብሎ የሚጠቀሰው ናፓታ በዛሬዋ ሱዳን ይገኛል። በ1871 በኢትዮጵያ ላይ የጦር ዓይኑን የጣለ ገዢ ቢኖር ኬዲቭ እስማኤል ራሱ ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ቬርዲ የኬዲቩን ገንዘብ ተቀብሎ ኬዲቩ መስማት የሚፈልገውን ጻፈለት ወይ የሚለው ነው።

እስቲ ሁለተኛውን ገቢር እንየው፣ ሁሉም የሚያውቀውን የድል ሰልፍ። ቬርዲ ለዚህ ትዕይንት ብቻ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ መለከቶች አሠርቷል። ግርማው እውነተኛ ነው፤ ጸሐፊው «የወራሪ ሙዚቃ» ያሉት ይህንን ነው፣ ለብቻው ተቆርጦ ሲሰማ እንዲያ ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም። ግን ሰልፉ ካለፈ በኋላ ምርኮኞቹ ይገባሉ። ከመካከላቸው የአይዳ አባት፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ አሞናስሮ፣ ንጉሥነቱን ደብቆ እንደ ተራ መኮንን ለብሶ ይቆማል። ፈርዖኑ ሲጠይቀው የሚሰጠው መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ አገርን መውደድ ወንጀል ከሆነ ሁላችንም ወንጀለኞች ነን፣ ለመሞትም ተዘጋጅተናል። ወዲያው ድምፁን ያለሰልስና ወደ ፈርዖኑ ዞሮ፣ ዛሬ ዕጣ የመታችው እኛን ነው፣ ነገ እናንተን ልትመታ ትችላለች ይለዋል። ከመለከቱ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ይህ ዜማ የዋህ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ነው፤ ምርኮኞቹ ይቀበሉታል፣ አይዳ ትቀበለዋለች፣ ሕዝቡም ይራራል። ይሙቱ እያሉ የሚጮኹት ካህናቱ ናቸው።

ይህ የተዘፈነው በካይሮ፣ በታኅሣሥ 1871፣ ኬዲቭ እስማኤል በተቀመጠበት ቲያትር ውስጥ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላ ጦሩን ላከብን። በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ጦሩን ደመሰሱት። ቬርዲ ነቢይ አልነበረም፣ ይህን አውቆ አልጻፈም። ግን ለወረራ መንገድ የሚጠርግ ኦፔራ ለተሸናፊው ንጉሥ እንዲህ ያለ ቃል፣ ከቃሉ ጋርም ከሰልፉ የሚበልጥ ዜማ አይሰጥም።

ስድቡም የማን ስድብ እንደሆነ መታየት አለበት። «አረመኔ» የሚለው የፈርዖን መልእክተኛ ነው። በዚያው በመጀመሪያው ገቢር ሕዝቡ የግብፁን የጦር አዛዥ፣ አይዳ የምትወደውን ራዳሜስን «ድል አድርገህ ተመለስ» እያለ ሲሸኘው፣ ባሪያ ሆና ማንነቷን የደበቀችው አይዳም አብራ ትጮኻለች። ሰዉ ሲሄድ ብቻዋን ትቀራለች፣ ያንኑ ቃል ደግማ ትልና ትደነግጣለች፦ ድል የሚደረገው እኮ አባቴ ነው፣ ወንድሞቼ ናቸው፤ እኔን ነፃ ሊያወጡ የመጡት ናቸው። ከአፏ የወጣውን ቃል አማልክት እንዲሰርዙላት ትለምናለች። የድሉን መፈክር ያዜመልን ደራሲ ወዲያው በዚያች ሴት አፍ መልሶ እንድንጸየፈው ያደርገናል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የጦር ሰልፉን እንደ ግብፃዊ ሆኖ መስማት አይቻልም፤ እኔ ቢያንስ አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ነው መዘግየቱ የሚመጣው። ኦፔራው ሳይታይ በዘገየበት በዚያ ትርፍ ጊዜ ቬርዲ ያለቀውን ድርሰት መልሶ ከፈተና ለሦስተኛው ገቢር አዲስ ዜማ ጨመረ፦ «ኦ ፓትሪያ ሚያ»፣ አገሬ ሆይ። አይዳ ሌሊት በዓባይ ዳር ራዳሜስን ትጠብቃለች። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ብቸኛ እንደሆነ እረኛ ቀጭን ዜማ ያሰማል። እሷም ሰማያዊውን ሰማይ፣ አረንጓዴዎቹን ኮረብቶች፣ የአገሯን አየር እየጠራች ከእንግዲህ አላይሽም ትላለች። መጨረሻ ላይ ድምፁ ወደ ላይ፣ በጣም ወደ ላይ ይወጣና በቀስታ መያዝ አለበት፤ ለዘፋኞች ከኦፔራው ሁሉ የሚፈራው ቦታ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ጮኾ መድረስ ቀላል ሲሆን በዝግታ መድረስ ግን ከባድ ነው። ከአገሩ ርቆ በሰው ቤት የሠራ ሰው፣ ቤይሩት ይሁን ጅዳ፣ ይህን ለመረዳት ጣሊያንኛ አያስፈልገውም። ከዚያ አባቷ ይመጣል። የምትወደውን ሰው ምሥጢር አውጥታ እንድትሰጠው ይጠይቃታል፤ እንቢ ስትል ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ይላታል። ጨካኝ ንግግር ነው። ቬርዲ ግን አሞናስሮን ክፉ ሰው አድርጎ አልተወውም፤ የተሸነፈና የተዋረደ ሕዝብ በአንቺ ብቻ ነው የሚነሣው ብሎ ሲለምናት ያለው ዜማ የአባትም የንጉሥም ልመና ነው።

ቬርዲ ስለ አፍሪካ ጦርነት ምን ያስብ ነበር ለሚለው ደግሞ ጸሐፊው ምንም ማስረጃ ሳይጠቅሱ «ደጋፊ ነበር» ብለው አልፈዋል። ብዙ ጊዜ ይጎበኘው የነበረው የፋርስ ቋንቋ ሊቅ ኢታሎ ፒዚ፣ ቬርዲ በሞተበት ዓመት ባሳተመው ማስታወሻ፣ ሽማግሌው ስለ እንግሊዞችና ስለ ሕንድ ሲያወራ ወደ ራሱ አገር ዞሮ የተናገረውን መዝግቧል። እኛም በአፍሪካ የጨቋኙን ሥራ እየሠራን ነው፣ ጥፋተኞች ነን፣ ዋጋውንም እንከፍላለን ብሎታል። ሥልጣኔ ልንወስድላቸው ነው የሚባለውንም ነቅፏል። ይህ በቤት ውስጥ ለእንግዳ የተነገረ ቃል ነው፤ አደባባይ ወጥቶ ቢናገረው ኖሮ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ የፓርላማ አባል የነበረ ሰው ነውና። ግን ደጋፊ ነበር ከሚለው ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

«አይዳ»ን ማድነቅ አድዋን መርሳት ነው ለሚለው የምመልሰው ኦፔራው በሚያልቅበት መንገድ ነው። መድረኩ ሁለት ፎቅ ይሆናል። ላይ ቤተ መቅደሱ በብርሃን ያበራል፣ ታች ራዳሜስ ከነሕይወቱ የሚቀበርበት ጨለማ ክፍል አለ። የጦሩን ምሥጢር አውጥቶ አገሩን ከድቷል ተብሎ ካህናቱ ፈርደውበታል፤ የፈርዖኑ ልጅ አምኔሪስ እንኳ ካህናቱን ረግማለች። ድንጋዩ ከተገጠመ በኋላ ራዳሜስ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል፤ አይዳ ቀድማው ገብታ ተደብቃለች። ያ ሁሉ መለከት፣ ያ ሁሉ ጦር የለም። ሁለት ሰዎች ምድርን ሲሰናበቱ፣ ቫዮሊኖቹ ቀጥነው ወደ ላይ ሲወጡ፣ አምኔሪስ ከላይ ሆና ሰላም እያለች ስትጸልይ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ እየሳሳ ይጠፋል፣ መጋረጃውም ይወርዳል።